መኪናው እስኪደርቅ ላውራ

ክቡራትና ክቡራን፣

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ሁለት ሙሉ ባልዲ ይዤ ከበርሜሉ እስከ ማጠቢያው ጠብ ሳላደርግ እሄዳለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። እራቴን ራሴ አበስላለሁ፤ ራሴም እበላዋለሁ፣ ሌላ የሚደፍረው የለማ። የምኖርበት ፎቅ ላይ ስወጣ መሐል ላይ ቆም የምለው ደክሞኝ አይደለም፤ የጎረቤቶቼን ወሬ ለመስማት ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከዚህ ላቫጆ መኪና ማጠቤን ትቼ ከሄድኩ በኋላ «አርጅቶ ሸኘነው» ብላችሁ እንዳታወሩብኝ ነው። የደከመው ጉልበቴ ነው። እኔ አልደከምኩም።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጅ እነሳለሁ። የደንበኞች ማረፊያውን ክፍል ጠርጋችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ፊኛ ሰቅላችሁ ጠበቃችሁኝ። ጎሚስታው ፊኛዎቹን በጎማ መንፊያ ነፍቷቸው ሁለቱ ገና በሩን ሳልፍ ፈነዱ። እሱንም አመሰግናለሁ። የመድፍ ሰላምታ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ካሸራችን የጻፈችልኝ ወረቀት እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ። በትልልቁ ጽፋልኛለች፣ ትባረክ። ነገር ግን እኔ ከታርጋ ያለፈ ንባብ ሰው ፊት አልሞክርም። ደግሞም ወረቀቱ አጭር ነው። ዛሬ አጭር ንግግር አያዋጣኝም።

ለምን አትሉም? ግማሾቻችሁ ታውቃላችሁ። በእንግድነት ለመጣችሁት ግን ልንገራችሁ።

በዚህ መስታወት ወደ ውጭ ተመልከቱ። ጥላው ስር የቆመው ጥቁር መኪና የጥርስ ሐኪሟ ነው፤ እሷም ይቺው ፊት ለፊቴ ሻይ ይዛ የተቀመጠችው ናት። መኪናው ሴራሚክ ተቀብቷል። ሴራሚክ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከቀለሙ ላይ የሚደረብ መስታወት የመሰለ ስስ ቅብ ነው። ውሃ አያስጠጋም። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ሻያችሁን ትደፋላችሁ። እዚህ ቅብ ላይ፣ ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው፣ ነጫጭ ቀለበት ወጥቶበታል። አጠገቡ ጎንበስ ብላ የምታዩዋት ደግሞ ቀስታ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ «ቀስታ» ያልናት እኛ ነን፣ ሥራዋን አይተን።

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ጠራኝና ምን አለኝ?

«ጋሼ፣ እርስዎ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ነጠብጣቡን አስለቅቃ፣ ቅቡን ሳትጎዳ ካስረከበችኝ፣ የእርስዎ ቦታ የሷ ነው። ካልሆነላት ግን ማለስለሻ ማሽን ያለውን ሰውዬ ሰኞ አስገባዋለሁ። እሷም ወደ ምንጣፍ ማጠቧ ትመለሳለች።»

«ትንሽ ወጣ ብዬ ባግዛትስ?»

«ከበሩ ከወጡ አይቆጠርም!»

ሰማችሁ? ዕድሜ ልኬን ወሬ አልወድም ስል ኖሬ፣ ዛሬ ሰው በወሬ ላስቀጥር ነው።

አይ፣ ወንበሩን ተዉት፣ አልቀመጥም። ተቀምጬ ማየት አልችልም። እስቲ አንተ ጎሚስታው፣ ጭንቅላትህን ዘንበል አድርግልኝ፣ መስታወቱን ከለልከኝ። ምን ላይ ደረሰች? ገና አረፋ ላይ! አያችሁልኝ? ገና ሳሙና ላይ ናት!

እሺ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ይህ ቤት ሌላ ላቫጆ ውስጥ የማታገኙት አንድ ልማድ አለው። ሌላው መኪና አጥቦ ያደርቃል። እኛ ሴራሚክ የተቀባ መኪና ከሆነ፣ አጥበን ሳናደርቅ በር ላይ አውጥተን እናቆመዋለን። ለምን? ውሃው ቅቡ ላይ ድቡልቡል እያለ ይቆማላ! ዕንቁ ነው የሚመስለው። መንገደኛው ይቆማል፣ አለቃችን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ «ዕንቁ አወጣን» ይባላል፣ በማግሥቱ ሌላ ደንበኛ ይመጣል። ወዲያው እስካደረቅነው ድረስ ክፉ ልማድ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ግን የቧንቧው ውሃ ሄደብን። የጉድጓዱን ከፈትን። የጉድጓዱን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ እንደ ኖራ ግድግዳ የነጣው በሱ ነው። እኔ ያን ቀን በዚሁ በጉልበቴ ጉዳይ ክሊኒክ ነበርኩ። የሐኪሟን መኪና በጉድጓድ ውሃ አጥበው፣ እንደ ልማዱ ዕንቁውን ሊያሳዩ ፀሐይ ላይ አወጡት። አንዱ «ከዚህ ጎን አንሳው» ይላል፣ አንዱ «እኔም ልግባበት» ይላል፣ አለቃችን ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ሲገለጥለት ጊዜ ውሃው ወደ ሰማዩ ሄደ፣ ኖራው መኪናው ላይ ቀረ። እያንዳንዷ ዕንቁ ነጭ ቀለበቷን አስቀምጣ ሄደች።

ስመለስ ጎሚስታው ከበር ተቀበለኝ፤ «አባባ፣ መኪናው ፈንጣጣ ወጣበት!»

ሐኪሟ ግን እኔ ሳልደርስ፣ ቀለበቱን ሳታስተውል ይዛው ሄዳ ነበር። የሳምንቱ አቧራና ጭስ እላዩ ላይ ተለጠፈበት። ዛሬ ጠዋት መልሳ አመጣችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። ኮፈኑን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «ይህን ሰው አፍ ውስጥ ባገኘው፣ ድንጋይ ሠርቷል፣ ቶሎ ይነሳ እል ነበር» አለች። አሁን ትስቃለች። ጠዋት አትስቅም ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀጥ ብዬ ቀይ ክዳን ወዳለው ጠርሙስ! ባለ ቀይ ክዳኑ የቸርኬ ነው፤ ኃይለኛ አሲድ ነው፤ የፍሬን ዝገት ያራግፋል። አንስቼ ልከፍተው ስል ቀስታ እጄን ያዘችው። የኔን እጅ! በዚህ ቤት እጄን የያዘኝ ሰው የለም፣ ደሞዝ ሰጥቶ ከጨበጠኝ አለቃ በቀር።

«አባባ፣ እሱ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«የቸርኬ ነው።»

«ቸርኬውስ የመኪና አይደለም?»

«አቧራው መጀመሪያ በሳሙና ይውረድ። በአቧራው ላይ ከፈተግነው ይጭረዋል። ከዚያ በነጭ ክዳኑ።»

«ነጭ ክዳኑማ ሎሚ ነው! እሱን ለሻይ ተይው!»

«እንደጋግመዋለን።»

«እና መቼ ልታደርሺ ነው?»

«ሲደርስ።»

ሲደርስ አለችኝ! አለቃው ሰዓት ይዞ ቆሟል፣ የእንጀራ ገመዷ እዚያ ኮፈን ላይ ተዘርግቷል፣ እሷ «ሲደርስ»! ተናደድኩ። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምንቆራጠጠው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በር እንዳልወጣ የከለከለኝ ባይኖር እስካሁን ጨርቁን ነጥቄያት ነበር።

ቆይ፣ ቆይ። ሳሙናውን ጨረሰች። አሁን ነጭ ክዳኑን ይዛለች። ጨርቋን አራሰችና... ኮፈኑ ላይ አሳረፈችው። በቃ። እንደ ትኩሳት ፎጣ አስተኝታው ቆማ ታያለች! እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ሴትዮ ምን ትጠብቃለች? እሽት እሽት አድርጊው እንጂ! አይ፣ አነሳችው። በብዙ ውሃ አለቀለቀችው። በየትኛው ውሃ? በተጣራው፣ በሰማያዊው በርሜል፤ ጎበዝ። አሁን አጎንብሳ በአግድም ታየዋለች። እንደገና ጨርቁን ልታስተኛው ነው።

የመዳፍ ስፋት ብቻ ነው የሠራችው። መኪና እኮ ነው! ጣሪያም አለው! ዛሬ እስከ እራት ልታስወራኝ ነው?

ምን አልክ አለቃዬ? «ይጠቃለል»? ገና ወደ ምስጋናው አልገባሁም!

ባለቤቴን ላመስግን፣ ነፍሷን ይማር። ቤት ውስጥ ሳህን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሳህኖቻችን ጠርዛቸው ላይ አበባ ነበረባቸው፣ የእናቷ ስጦታ። እኔ ደግሞ ሳጥብ ሙልጭ ካላለ አልተውም። አንድ ቀን እህቷ መጣችና፣ «ነጭ ሳህን ገዛችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴም፣ «አልገዛንም፤ አበባውን አጥቦልኝ ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲመጣ ሳህን አላስነካችኝም። ደህና ሴት ነበረች። ስትቆጣኝም ዞር ብላ ትስቅ ነበር፤ አላየሁም መስሏት።

ካሸራችንን ላመስግን። ደንበኛ ሲቆጣ በመስኮቷ በኩል ከረሜላ ታቀብላለች። አፉ ከረሜላ የያዘ ሰው ብዙ አይሳደብም፤ ይህን ብልሃት ጥርስ ሐኪሟ ባትሰማብን ይሻላል።

አለቃችንንም ላመስግነው። በልጅነቱ አባቱ፣ የድሮው አለቃችን፣ እዚህ ያመጣው ነበር። አንድ ቀን የታጠበ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ወጥቶ እንቅልፍ ወሰደው። እኛ አላየንም። መስታወት አጽድተን፣ ጎማ አብለጭልጨን፣ ደንበኛውን ከነልጁ ሸኘነው። አባቱ እሪ ብሎ ሰፈሩን ሲያስስ፣ ሰውየው ተመልሶ መጣና፣ «ይቅርታ፣ ይሄኛው ዕቃ የኔ አይደለም» አለ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ «ይጠቃለል» ይለኛል። ያን ጊዜ ተጠቃሎ ሄዶ ነበር!

ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔ መስኮቱን ልይ።

ኮፈኑን ጨርሳለች። ወደ ጣሪያው ወጥታለች። መቼ ወጣች? ደግሞ... ከዚህ ሆኖ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ግን ኮፈኑ ላይ ነጭ የሚባል ነገር አይታየኝም። ጎሚስታው፣ አንተ ወጣት ዓይን አለህ፤ ይታይሃል? «አንድ ብቻ» ነው የምትለው? የቱ ጋ? የመስታወት ውሃ ከሚረጨው ቀዳዳ አጠገብ። ገባኝ። እዚያ ቦታ ላይ ውሃው ይተኛል።

እንግዲህ ማውራቴን አላቆምም። አንድ ቀለበት ለመሞት ስንት ወሬ ይፈልጋል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነገ ጠዋት ይህ እጄ ምን ሊያደርግ ነው? ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ባልዲ የሚፈልግ እጅ ነው። ልጄ ከሷ ጋር እንድኖር ትፈልጋለች፤ ጥሩ ቤት አላት፣ መኪናም አላት። «አባዬ፣ ና ዕረፍ» ትለኛለች። ዕረፍ! የሚያርፍ ሰው ምን እንደሚመስል አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ የጎረቤቴ አዛውንት ናቸው። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማታም በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ በመሐል የሚለወጠው የተቀመጡበት ጎን ነው። እኔ ያን አልችልም። አንድ ቦታ ስቆም እግሬ ስር እሳት ያለ ይመስለኛል። ይኸው አሁን እንኳ ከመስታወቱ እስከ ማይኩ ስመላለስ ምንጣፋችሁን ጨረስኩት።

መጣች። መጣች! ዝም በሉ። በሩን ክፈቱላት፣ እጇ እርጥብ ነው።

ምን አለች? ጮክ በይ ልጄ። ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም፤ ልድገመው። «ሁሉም ለቋል፣ አንድ ቀርቷል» ነው ያለችው። አለቃችንም፣ «ለምን ቀረ?» አላት። «እሱ ከላይ የተቀመጠ አይደለም፣ ቅቡን በልቶ ገብቷል። ላውጣው ካልኩ ቅቡም አብሮ ይወጣል። አልነካሁትም።» ለሐኪሟም ያንኑ ደገመችላት፤ ቀንሳም፣ ጨምራም አልነገረቻትም።

አለቃችን አላመነም። ሂድ እይ፤ አንተ መውጣት ትችላለህ። እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።

ተመልከቱት፣ የሻይ ኩባያውን ውሃ ሞልቶ ኮፈኑ ላይ ደፋው። እ! ድቡልቡል አለ! ቅቡ አለ! ሙሉ ኮፈኑ ላይ እየተንከባለለ ነው! እንደ አዲስ ነው እኮ! እናንተም ተነሥታችሁ ልታዩ ነው? ስልክ ልታወጡ? ደግሞ ዕንቁ!

አያችሁ ግን? ሁላችሁም ዕንቁውን ስታዩ እሷ አልፋችሁ ወጥታ ጨርቋን ጣል አድርጋበታለች። ደረቀ። ፎቶ ያነሳ ሰው የለም። እንኳን አልኖረ።

ተመለሳችሁ? ተቀመጡ። አለቃችን ግን አልተቀመጠም። አንድ ቀለበት ቀርቷል፣ ስለዚህ አላለቀም ሊል እየዳዳው ነው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ። ምን አልከኝ? ሁሉም ይስማ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ያችን ቀለበት ምን ያደርጓት ነበር?»

ይህ ነው እንግዲህ ጥያቄው። እሷን የሚያስገባትም የሚያስወጣትም ይህ ነው። ቀስታ መሬት መሬት ታያለች። የማርያም መንገድ ስጡኝ፣ አንድ ጊዜ ውሃ ልጠጣ።

እኔ ብሆን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አሸው ነበር።

በአውራ ጣቴ አሸው ነበር። አልለቅ ቢለኝ ቀይ ክዳኑን አመጣ ነበር። እስኪጠፋ አሽቼው፣ «ኑና እዩ!» ብዬ እጠራችሁ ነበር፤ እናንተም ታጨበጭቡልኝ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ቅቡ መሄዱን የምታውቁት በሚቀጥለው ዝናብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲንከባለል ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ውሃ ይዛ ስትቀር። ሐኪሟ ያን ጊዜ ይህን ቤት ለጠላቷም አትመክርም። ቀስታ አንድ ቀለበት አስቀርታ መኪናውን አተረፈችው። ከዚህ በላይ ምን እንድትሠራልህ ትፈልጋለህ አለቃዬ?

ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ እንድትሳሳት ስጠብቅ ነበር፤ እንዲሳካላትም ስጸልይ ነበር። ሁለቱንም ባንድ ሆድ። ሆዴ እስካሁን ይሟገታል።

ሐኪሟ አንድ ነገር ልበል ትላለች። በይ፣ ተናገሪ። ... «ቀለበቷ ትቀመጥልኝ» አለች። «መኪናዬን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቀስታ በቀር ማንም እንዳይነካው» አለች። ጎሚስታው፣ አንተን ነው የምታየው።

አለቃችን ከኪሱ ምን አወጣ? የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። ወደኔ ሳይሆን ወደሷ ዘረጋው። ተቀበይው ልጄ። እጅሽን ጥረጊና ተቀበይው። አጨብጭቡላት! ከዚህ የበለጠ! ፊኛ ብታፈነዱም ፈቅጃለሁ!

እንግዲህ ንግግሬ ሊያልቅ ነው፤ ማስረዘሚያውም አለቀብኝ።

ፈጣሪ ይህን ግቢ ይባርክ። ቧንቧችሁ አይድረቅ፤ ሲደርቅም የጉድጓዱን የምታጣሩበት አይጥፋችሁ። ካሸራችን ልጆቿን ለቁም ነገር ታብቃ። ጎሚስታው እጁ ከብረት፣ ጣቱ ከጎማ ይጠበቅለት፤ ሚስትም ይስጠው፣ ፊኛ የምትነፋለት። አለቃዬ፣ አባትህ ከዚህ ግቢ ያየውን ደስታ አንተም እይበት፤ ዕንቁህንም በጥላ ስር አሳይ። ሐኪሟ፣ እጅሽ አይዛል። ቀስታ፣ ልጄ፣ የሚያጣድፍሽ አይጣልብሽ፤ ቢጣልብሽም እንዳትሰሚው።

እኔ ደግሞ ከመሄዴ በፊት ያለብኝን ዕዳ ልንገራችሁና ላብቃ። ማንም ልክፈልልህ እንዳይለኝ፣ ራሴ ነኝ የምከፍለው።

የበያጁ መሰላል ቤቴ ነው፤ ተሸክሜ እመልስለታለሁ፣ ጋሪ አልፈልግም። ከላዬ ላሉት ወይዘሮ የበራቸውን ማጠፊያ አጠብቅልዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ነው፣ እጄም ሥራ አገኘ ማለት ነው። ልጄ በደወለች ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ስዘጋባት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ማታ እኔ እደውልላታለሁ፣ እሷ እስክትዘጋም አልዘጋም። ለቀስታ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አለብኝ፤ በሰው ፊት ስለተቆጣኋት በሰው ፊት እከፍላታለሁ፤ ልክ ነበርሽ።

አንድ ቀርቷል፣ ከባዱ። የሐኪሟ መኪና ቅቡ የሚታደስበት ቀን ይመጣል፤ ያቺም ቀለበት ያን ጊዜ ትወጣለች። ዕድሜ ከሰጠኝ መጥቼ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ቀስታ በራሷ መንገድ ስታወጣት ቃል ሳልተነፍስ አያለሁ። ቃል ሳልተነፍስ! ምን ያስቃችኋል? እችላለሁ አልኩ እኮ!